ኮንዶም ከተቀደደ ሰዓቱን ቁጠር

ወንድ ከወንድ ጋር ሲገናኝ ኮንዶም ቢቀደድ አደጋው ከባድ ነው፤ የፊንጢጣ ውስጠኛ ቆዳ ስስ ስለሆነ ኤችአይቪ ቶሎ ያልፋል። አንዳንዴ ጥፋቱ የቫዝሊን ነው፤ ቅባት የኮንዶሙን ላስቲክ (ላቴክስ) በደቂቃ ውስጥ ያዳክመዋል፣ ዘይትና ቅቤም ያው ናቸው። በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ብቻ ተጠቀም።

ከተቀደደ ውስጡን በሳሙና አትታጠብ፣ ይቆስላል። ደብረ ብርሃንም ሁን ሸዋ ሮቢት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥ ጤና ተቋም 72 ሰዓት ሳይሞላ ድረስ። "ሰኞ እሄዳለሁ" አያዋጣም፤ በዘገየህ ቁጥር መድኃኒቱ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ለባለሙያው "ኮንዶም ተቀደደብኝ" ማለት ይበቃል፤ ከማን ጋር እንደነበርክ መዘርዘር የለብህም። ከዚያ 28 ቀን ሳታቋርጥ ዋጥ። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ ንገራቸው፤ ከሚሰጡህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዶሉቴግራቪር ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ካልተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በ3 ወር ድጋሚ ተመርመር።