አራተኛው ማዕዘን አልገጥም ሲለኝ

ላስ ቬጋስ ለሚካሄደው የባለሙያ ፍሬም ሠሪዎች ማኅበር ውድድር አንድ የሥዕል ፍሬም እያዘጋጀሁ ነበር። ሦስቱ ማዕዘን ግጥም ይላል፤ አራተኛው አፉን ይከፍታል። ክፍተቱ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። ደንበኛ ላያየው ይችላል፤ ዳኛ ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

መጀመሪያ ስቱኮ ሞላሁበት። ሲደርቅ ቀለሙ ተለየና ባሰበት። አጥብቄ ሳስረው ደግሞ ክፍተቱ ወደ ሌላው ማዕዘን ዞረ። ያኔ ነው መጋዙን የጠረጠርኩት። ጠቋሚው 45 ዲግሪ ይላል፤ ስለካው ግማሽ ዲግሪ ይጎድላል። ግማሽ ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ፍሬም አራት ጎን፣ እያንዳንዱ ጎን ሁለት ጫፍ ስላለው ስምንት ቁርጥ አለው፤ ግማሽ ሲባዛ በስምንት 4 ዲግሪ ነው። ሦስቱን ስታስገጥም ጉድለቱ ሁሉ ተጠራቅሞ አራተኛው ላይ ይወጣል።

ቁጥሩን ማመን ተውኩ። ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ገጠምኳቸውና ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ውስጥ አስገባሁ። በመሃል ብርሃን ማለፉን እስኪያቆም መጋዙን አስተካከልኩ። ተቃራኒ ጎኖቹም ርዝመታቸው እኩል መሆኑን ለማወቅ ጎን ለጎን አድርጌ ጫፋቸውን በጣት ዳሰስኩ፤ ከዓይን ይልቅ ጣት ይሻላል። ከዚያ ኮላ ቀብቼ ሳስር አራቱም ዝም አሉ።

መስታወቱ ሥር የገባችው አንዲት ብናኝ ሌላ ጣጣ ናት። እሷን ሳወጣ ነጋ።