የአሮጌ ሞተር የኋላ ሞዞ ሲበላሽ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ገጠር በሚወስደው ኮረኮንች ሰውም እህልም ጭኖ የሚመላለስ አሮጌ ያማሃ ዲቲ ሞተር ሳይክል ቶሎ የሚጎዳው ከኋላ ነው። ጎማውን ከመሬት አንሳና ቸርኬውን ይዘህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ከተንቀጫቀጨ ወይ ኩሽኔታው (ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) አልቋል፣ ወይ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው መሃል፣ ሞዞው ራሱ፣ ሰፍቷል።

መለየቱ ቀላል ነው። አዲስ ኩሽኔታ ያለ ምንም ችግር በእጅ ግፊት ብቻ ሸርተት ብሎ ከገባ ሞዞው ላይ ያለው የኩሽኔታ መቀመጫ ሰፍቷል። ብዙ ሰው ታዲያ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ይጠቀጥቅበታል፤ እባክህ ይህን አታድርግ፣ ቶሎ ይላቀቅና ሞዞውን ጨርሶ ይበላዋል። ቶርኖ ቤት ውሰደውና በልኩ የተሠራ ቦኮላ፣ ማለትም የሰፋውን መቀመጫ የሚያጠብ የብረት ቀለበት፣ ይግባለት።

ስትገጥም ሞዞውን አሙቀው። አሉሚኒየም ስለሆነ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሰፋል፤ ጠብ ያደረግክበት ውሃ ቺስ ካለ በቂ ነው። ኩሽኔታውን የውጭ ቀለበቱን ብቻ እየመታህ አስገባ፣ የውስጡን ከመታህ ኳሶቹ ይጎዳሉ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል ያለችውን ቱቦ ደግሞ እንዳትረሳ! ያለሷ ፔርኖውን (በጎማው መሃል የሚያልፈውን ዘንግ) ስታጠብቅ አዲሶቹ ኩሽኔታዎች ይታነቃሉ።

ታምቡሩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራው የሚይዘው የሞዞው ውስጠኛ ክብ፣ በሸራው ተበልቶ ጠርዝ ካወጣ ለካው፤ የመጨረሻው ልክ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ተጽፏል።

ራጂውን (ሞዞውንና ቸርኬውን የሚያያይዘውን ቀጭን ሽቦ) የሚይዘው የሞዞው ጆሮ ከተሰነጠቀ ግን ብየዳ አትመን። በዚያ ሞዞ የአባይ በረሃን ቁልቁለት መውረድ በነፍስ መጫወት ነው። ሌላ ፈልግ፣ የራጂ ቀዳዳውን ብዛት፣ የታምቡሩን ስፋትና የፔርኖውን ውፍረት አመሳክር፣ አሮጌውን ሳትፈታም የራጂውን አደራደር በስልክህ ፎቶ አንሳ።