ለቃር አንታሲድ ስትወስዱ፦ ሰዓቱና ክፍተቱ

ቃር የማያውቀው ቤት የለም። በተለይ ፋሲካ ሲነጋ። 55 ቀን ጾሞ በከረመ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥና ቅቤ በአንዴ ሲወርድበት ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። አንታሲድ የሚባለው ነጭ ሽሮፕ ወይም የሚታኘክ ኪኒን ያን ጊዜ ይፈለጋል። ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ግን እንደ ከረሜላ የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው።

1. ቃር መሆኑን አረጋግጡ። ቃር ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲተኙ ይብሳል፤ ኮምጣጣ ውሃም ወደ አፍ ያመጣል። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ልብ ሊሆን ይችላል። «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» ብላችሁ አትቀመጡ። ቀጥታ ሆስፒታል።

2. ማሸጊያውን አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን ስም ተዉትና ከሥሩ በትናንሽ ፊደል ያለውን እዩ። ማግኒዥየም ሆድ ያላላል፤ አልሙኒየም ሆድ ያደርቃል። ብዙዎቹ ሁለቱን ቀላቅለው የሚመጡት ለዚህ ነው። ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበት ደም ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ሰው አይሆንም። ካልሲየም ካርቦኔት የኩላሊት ጠጠር ለያዘው ሰው አይመከርም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ማንኛውንም ዓይነት ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይጀምር ይሻለዋል። ለልጆችም ሐኪም ሳያይ አትስጡ።

3. በትክክል ውሰዱት። ኪኒኑ ሳይታኘክ ከተዋጠ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በጥርስ አድቅቁትና ትንሽ ውሃ ጠጡበት። ሽሮፑን ከመቅዳታችሁ በፊት ጠርሙሱን በደንብ በጥብጡት፤ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል። በአፍ ከመጎንጨት አብሮት በሚመጣው መለኪያ ቅዱት።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሠርቶ ከጨጓራ ይወጣል። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከተወሰደ ግን ምግቡ ስለሚያቆየው እስከ 3 ሰዓት ሊያስታግስ ይችላል። ሌሊት የሚያቃጥለው ሰው ሊተኛ ሲል ይውሰድ። እራትን ከመኝታ 3 ሰዓት ቀድሞ መብላት ግን ከኪኒኑ የበለጠ ይረዳዋል።

4. ከሌላ መድኃኒት ጋር አትደርቡት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። አንታሲድ አንዳንድ መድኃኒቶችን ሆድ ውስጥ ይይዝና ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ በሽታው ግን አይለቀውም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው አንታሲዱን ከመውሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከወሰደ 6 ሰዓት በኋላ ይዋጠው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪርም ማግኒዥየም ወይም አልሙኒየም ካለበት አንታሲድ ጋር እንዲሁ ነው፤ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ። ለታይሮይድ የሚወሰደው ሌቮታይሮክሲን የ4 ሰዓት ክፍተት ይፈልጋል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክና የአይረን ኪኒን ቢያንስ 2 ሰዓት። ነፍሰ ጡሮች ይሄን ልብ በሉ፤ ቃሩም አይረኑም እናንተ ጋ ነውና። የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱም ክፍተቱን ከምትከታተሉበት ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ክፍተቱን ማስታወስ ካስቸገራችሁ ፋርማሲስቱ በየማሸጊያው ላይ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ይጻፍላችሁ። አያፍርባችሁም፤ ሥራው ነው።

5. ከ2 ሳምንት በላይ በራሳችሁ አትቀጥሉ። አንታሲድ ያለውን አሲድ ያበርዳል እንጂ ቁስል ካለ አያድንም። ለወገብ ወይም ለራስ ምታት እያላችሁ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን የምታዘወትሩ ከሆነ ጨጓራችሁን የሚያቆስለው እሱ ሊሆን ይችላል። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን በራስ አይቆምም፤ ሐኪሙን አማክሩ።

ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካስታወካችሁ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ያው ቀን ታዩ። አይረንም ሰገራ ያጠቁራል፤ እየወሰዳችሁ ከሆነ ተናገሩ። ምግብ ሲውጡ መተናነቅና ያለ ምክንያት መክሳትም ቶሎ ሐኪም የሚያሳይ ነው።

ሐኪሙ ጨጓራን የሚያቆስለውን ባክቴሪያ፣ የኤች ፓይሎሪን ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። በሰገራ ወይም በትንፋሽ የሚደረገው ምርመራ ኦሜፕራዞሉ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ካልቆመ፣ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።