እህቴን ልረዳ ብዬ ያባባስኩት ኦሲዲ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ታላቅ እህቴ ከቤት ስትወጣ ቡታጋዙን ታየዋለች። ተዘግቷል። በሩን ቆልፋ ደረጃውን ትወርድና ትመለሳለች። እንደገና ታየዋለች። አንዳንድ ቀን ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ስድስትና ሰባት ጊዜ ትወጣለች ትወርዳለች፣ ሥራ ይረፍድባታል፣ ታክሲ ውስጥ ከገባች በኋላ ደግሞ ትደውልልኛለች። «ዘግቼዋለሁ አይደል?» እኔም «ዘግተሽዋል፣ አይዞሽ» እላታለሁ። በምን አውቄ? እኔ ያለሁት ሌላ ሰፈር ነው። ግን እላታለሁ፤ ድምጿ ሲረጋጋ ይሰማኛላ።

ያቺ «አይዞሽ» ለአራት ዓመት ኦሲዲ የሚባለውን የአእምሮ ሕመሟን ስትቀልበው እንደኖረች የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ እኔ ራሴ የሠራኋቸውንና ሰው ሲሠራ ያየኋቸውን ስህተቶች ነው።

«እኔም ትንሽ ኦሲዲ አለብኝ» ማለት

ይሄኛውን ቶሎ እንለፈው። ጫማ አስተካክሎ መደርደር ኦሲዲ አይደለም። ጽዳት የሚወድ ሰው ቤቱን ሲያጸዳ ደስ ይለዋል። እህቴ ቡታጋዙን አይታ ደስ ብሏት አያውቅም። ኦሲዲ ሁለት ነገር ነው፤ ሳይጠሩት የሚመጣ አስጨናቂ ሀሳብና ያን ጭንቀት ለማስታገስ የሚደጋገም ድርጊት። ሐኪሞች ነገሩ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል ወይ፣ ኑሮንስ ያሰናክላል ወይ ብለው ያያሉ። ድርጊቱ ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። በልብ መቁጠር፣ አንዱን ጸሎት «በደንብ አላልኩትም» እያሉ ከመጀመሪያው መጀመር፣ የትናንቱን ወሬ እያመላለሱ «ሰው አስቀይሜ ይሆን?» ማለትም ይቆጠራል። ስለዚህ እጁን አሥር ጊዜ ስላልታጠበ ብቻ የለበትም አትበሉ።

ሀሳቡን ምኞት ማድረግ

የሚያሳፍረው ይሄ ስለሆነ ሰው አያወራውም። አራስ እናት ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት «ልጄን ብወጋውስ?» የሚል ሀሳብ ይመጣባታል። ትደነግጣለች። ቢላውን ትደብቃለች፣ ከልጁ ጋር ብቻዋን ላለመቅረት ሰበብ ትፈልጋለች፣ ለባሏም አትነግርም፤ ብትነግረውስ ምን ሊላት ነው? ሌላው ቅዳሴ መሐል ቆሞ የስድብ ቃል ይመጣበታል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይተዋል።

በፈረንጆቹ 1978 ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ኦሲዲ የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሀሳብ ብልጭ እንደሚልባቸው ነግረዋቸዋል። ይዘቱም ከታማሚዎቹ ብዙም አይለይም ነበር። አብዛኛው ሰው «ኧረ ምን ዓይነት ሀሳብ ነው!» ብሎ ሽንኩርቱን ይከትፋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን «ይሄን ያሰብኩት ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?» ብሎ ምርመራ ይጀምራል። አራሷን ሀሳቡ የሚያንገበግባት ፈጽሞ የማትፈልገው ነገር ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አራሷ ድምፅ የምትሰማ ከሆነ ወይም ሀሳቡ ትክክል መስሎ ከታያት ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ሀሳቡን በግድ ማባረርም አያዋጣም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1987 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን «ነጭ ድብ እንዳታስቡ» ሲላቸው ድቡ አልወጣ አለ። አሁኑኑ ለአንድ ደቂቃ ሞክሩት።

ማረጋገጫ መስጠት

ወደ ቡታጋዙ ልመለስ። አንድ ቀን የተራቀቅኩ መስሎኝ «ለምን ፎቶ አታነሺውም? ስትጠራጠሪ ታዪዋለሽ» አልኳት። ወር ሳይሞላ ስልኳ በቡታጋዝ ፎቶ ተሞላ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላ ፎቶውን በሁለት ጣት እየለጠጠች «ይሄ የዛሬው ነው የትናንቱ? ቁልፉ ትንሽ ዘመም አላለም?» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጥርጣሬ ይመጣል፣ ጭንቀት ይከተላል፣ ታየዋለች ወይ ትጠይቀኛለች፣ እፎይ ትላለች። አእምሮዋ ከዚህ የሚማረው «ቤቱ ያልተቃጠለው ስላየሁት ነው» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ጥርጣሬው በርትቶ ይመጣል፣ እፎይታው ደግሞ ያጥራል። ድሮ አንድ «አይዞሽ» ለቀን ይበቃት ነበር። በኋላ አሥር ደቂቃም አልያዘላትም።

ሌላ የማውቀው ቤት አለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው። ልጃቸው ከውጭ ሲገባ አንድ ጀሪካን ውሃ በእጁ ላይ ይጨርሳል፣ ጣቶቹ በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቀው ይደማሉ። እናቱ ትቆጣው ይመስላችኋል? ከጎረቤት ለምና ትቀዳለታለች። እንግዳ የተቀመጠበትን ጨርቅ አንስታ ታጥባለች፣ የበር እጀታ እንዳይነካ ቀድማ ትከፍትለታለች። ከፍቅሯ ነው። ግን በሽታው ደመወዝ የማይከፍላት ሠራተኛ አግኝቷል።

ታዲያ ከነገ ጀምሮ ዝም በሉ አላልኩም፤ ያም ጭካኔ ነው። እኛ ያደረግነው፣ እሷ በተረጋጋችበት ሰዓት ከሳይኮሎጂስቷ ጋር ቁጭ ብለን ምን እንደምል ተስማማን። ስትደውል «ይሄን የጠየቀኝ ኦሲዲው ነው፣ እንደተስማማነው አልመልስም። እንደከበደሽ ግን አውቃለሁ» ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግታብኛለች። አለቀስኩም፣ እውነቱን ለመናገር።

«ተወው በቃ!»

ታማሚው መተው ቢችል ይተወው ነበር። ቡታጋዙ መዘጋቱን እህቴ ከእናንተ በላይ ታውቃለች፤ ሰው ፊት የምትደብቀውም ለዚህ ነው። ከስድብ የባሰው ደግሞ «ላድንህ» ብሎ የሰውን እጅ ይዞ ቆሻሻ ላይ መጫን ነው። ያደረጉ አጎት አውቃለሁ። ልጁ ከዚያ በኋላ ሳሎን መግባት አቆመ።

መጋፈጥ ሕክምና የሚሆነው ራሱ ታማሚው ተስማምቶ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ሲያደርገው ነው። መሠረቱን በፈረንጆቹ 1966 ቪክቶር ሜየር የተባለ ለንደን ይሠራ የነበረ ባለሙያ በሁለት ታማሚዎች ላይ ነው የጣለው፤ ዛሬ ኢአርፒ ይባላል። የሚፈራውን ነገር ይነካል ወይ ያደርጋል፣ ከዚያ የለመደውን ማስታገሻ ድርጊት አይደግምም። እህቴ ፍርሃቶቿን ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ እየሰጠች ጻፈች። የመጀመሪያው ቡታጋዙን አንዴ ብቻ አይቶ፣ ያለ ፎቶ፣ እስከ ታክሲ ተራ መሄድ ነበር። አብሬያት ሄድኩ። ከንፈሯ ደርቆ፣ የቦርሳዋን ዚፕ እየከፈተች እየዘጋች። አልተመለሰችም።

ማንኛውም ምክር ያድናል ብሎ ማሰብ

እህቴ ለሌላ ባለሙያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ልጅነቷ አውርታለች። ባለሙያው ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን በየሳምንቱ «ቤትሽ አይቃጠልም» እያለ ያጽናናት ነበር። እኔ በነፃ የማደርገውን እሱ በክፍያ ማለት ነው። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «ኢአርፒ ትሠራለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

መድኃኒቱን በሁለት ሳምንት መፍረድ

ለኦሲዲ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው፤ የቆየው ክሎሚፕራሚን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1989 ነው። ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ይላል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ማቅለሽለሽ ብቻ አግኝቶ ይተወዋል። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ የጎረቤትንም ኪኒን አትዋጡ። ዳያዜፓም ለሌሊቱ ያረጋጋ ይሆናል እንጂ የኦሲዲ መድኃኒት አይደለም።

ንስሐ አባትን እንደ ቡታጋዝ ፎቶ መጠቀም

ሰው እንዳይቆጣኝ እንጂ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። አንዱን ኃጢአት ተናግሮ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ በሳምንቱ «በደንብ አልተናገርኩም» ብሎ መመለስ። ሙስሊም ወዳጆቼ ወስዋስ ይሉታል፤ ዉዱእ አድርጎ «ፈርሷል» እያለ ሶላቱ እስኪያልፈው ይታጠባል። ሸኾቹም የሚመክሩት ጥርጣሬውን ትቶ እንዲሰግድ እንጂ እንዲደግም አይደለም። ንስሐ አባታችሁ ችግሩን ካወቁት «አንዴ ሰምቻለሁ፣ ይበቃል» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ንገሯቸው። ጠበሉንም መጠመቅ ትችላላችሁ። ጥፋቱ «እምነት ጎደለህ» ተብሎ ኪኒኑን መጣል ነው።

እህቴ ባለፈው ማክሰኞ ደወለች። «ቡታጋዙን…» ብላ ጀመረችና ዝም አለች።

«እንጃ» አልኳት።

«አንተ ደግሞ!» ብላ ሳቀች፣ ታክሲው ሜክሲኮ ደርሶ ስለነበር ወረደች።