«ከጥምቀት በኋላ እጀምራለሁ»፦ ዛሬ ነገ ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከጓደኛዬ ታናሽ እህት ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ነው። «እንዴት እየሄደልሽ ነው?» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለካ ፋይሉን ከከፈተችው ሁለት ወር አልፎታል።

«ስንፍና እኮ ነው ጋሼ» አለችኝ።

ይህች ልጅ በጠዋት ተነስታ እናቷን እንጀራ ታግዛለች። ቀን ሱቅ ትጠብቃለች። ማታ ታናናሾቿን ታስጠናለች። እሷን ሰነፍ የሚላት ሰው ካለ እኔ አልስማማም። የዚያን ቀን ያወራነውን፣ በራሴም የደረሰውን ጨምሬ ልጻፈው አልኩ። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ብቻውን ሲሰቃይ አያለሁና።

ራስን ሰነፍ ብሎ መጥራት

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ሰነፍ ሰው ሥራው ባይሠራ ግድ የለውም፣ ተኝቶ ያድራል። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ቴሌቪዥን እያየም ልቡ ሥራው ላይ ነው። አያርፍም፣ አይሠራም።

ቲሞቲ ፒቺልና ፉሺያ ሲርዋ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጉዳዩ ከጊዜ አጠቃቀም ይልቅ የስሜት ነው ይላሉ። የምንሸሸው ሥራውን ሳይሆን ሥራው የሚያመጣብንን ስሜት ነው። ፍርሃት ሊሆን ይችላል። መሰልቸት፣ ግራ መጋባት፣ «ባይሆንልኝስ?» የሚል ስጋትም ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ዘግተን ስንነሳ ያ ስሜት ወዲያው ቀለል ይለናል። እፎይታዋ ትጣፍጣለች። በማግስቱም ያችኑ እፎይታ ፍለጋ ፋይሉን እንሸሻለን። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ይሆናል።

ስለዚህ «ምን ዓይነት ሰነፍ ነኝ?» ከማለት «እዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስፈራኝ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ልጅቷን ይህንኑ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «መጠይቁን ሰብስቤያለሁ፣ ግን ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ እንዴት እንደምተነትነው አላውቅም። አሁን ብጠይቅ ይታዘቡኛል ብዬ ፈራሁ» አለች። የሁለት ወሩ ጭንቀት ሥር ይህ ነበር። የሚያውቅ የክፍል ጓደኛ አጠገቧ ቢቀመጥ ምናልባት የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው።

በዓሉን መጠበቅ

እኛ ጎንደር ታኅሣሥ ከገባ ጀምሮ በየቤቱ የሚሰማ ነገር አለ፤ «ከጥምቀት በኋላ።» የቤት ካርታው ጉዳይ ከጥምቀት በኋላ። የደም ግፊት ምርመራው ከጥምቀት በኋላ። ጽሑፉም ከጥምቀት በኋላ። ጥር 11 ይመጣል፣ ያልፋል፣ እንግዳ ይሸኛል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና «ፋሲካ ይለፍ» ይባላል። ከፋሲካ በኋላ ክረምት ነው። ከክረምት በኋላ አዲስ ዓመት።

በዓል ማክበራችን ምንም ጥፋት የለውም። እኔ ራሴ ጥምቀትን ከማንም በላይ እወዳለሁ። የምንሳሳተው ከበዓሉ በኋላ ሌላ ሰው የምንሆን ስለሚመስለን ነው። በጥር መጨረሻ ጠረጴዛው ፊት የሚቀመጠው ያው እኔ ነኝ፣ ያንኑ ፍርሃት ይዤ።

እስቲ የአፄ ፋሲልን መዋኛ አስቡት። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። «ጥር 10 ማታ እንሞላዋለን» ብሎ የሚያሳድረው የለም። ቀኑ ይታወቃል። ቦታው ይታወቃል። ሕዝቡም ይጠብቃል። የግል ጉዳያችን ግን ሦስቱንም አያገኝም። የደም ግፊታችሁን ብትለኩ ባትለኩ ማንም መጥቶ በራችሁን አያንኳኳም። ስለዚህ ቀኑንም ቦታውንም የሚጠብቀውንም ሰው ራሳችን ልንሰጠው ይገባል።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ጥናት አለ። ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ከፊሎቹ መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል ጽፈው የጨረሱት፣ እንዲህ ካልወሰኑት ጋር ሲነጻጸሩ ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ያውም በበዓል ሰሞን! «ሰሞኑን እጽፋለሁ» ማለትና «ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ የመግቢያውን የመጀመሪያ አንቀጽ እጽፋለሁ» ማለት በጣም ይለያያሉ።

«ሙዴ ሲመጣ»

ሙድ አብዛኛውን ጊዜ ከጀመርን በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው።

እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ባዘቶውና እንዝርቱ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ አጠገብ፣ ትንሽ ሙዳይ ውስጥ ናቸው። ቡናው እስኪፈላ ትፈትላለች። ጎረቤት መጥታ ስትጫወት ትፈትላለች። ስትነሳ የያዘችውን ባዘቶ ሳትጨርስ፣ ክሩ እንዝርቱ ላይ እንዳለ ትተወዋለች። ተመልሳ ስትቀመጥ መጀመር የሚባል ጣጣ የለባትም፣ ትቀጥላለች። ልቃቂቱ እንዲህ ተጠራቅሞ ኩታ ይወጣዋል። «ዛሬ የመፍተል ስሜት አለኝ» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

እኔም ዛሬ ስጽፍ እንደሷ አደርጋለሁ። ሳቆም አረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ትቼ እነሳለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር በአንድ መስመር ወረቀት ላይ ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጣለሁ። በማግስቱ ስመለስ ባዶ ገጽ አይጠብቀኝም። ስልኩን ግን አርቃለሁ፣ ሌላ ክፍል ነው የሚቀመጠው። ቲክቶክ እጅ ላይ ሆኖ ከባድ ሥራ የሚመርጥ ሰው ብዙም አላየሁም።

በጭንቅ ሰዓት ይሠራልኛል ማለት

ይህን የሚሉ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። አንዳንዴ ተሳክቶላቸው ይሆናል። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ሥራ የሚያዘገዩ ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት ነበረባቸው። መጨረሻው ላይ ግን ከሌሎቹ የበለጠ ተጨነቁ፣ የበለጠ ታመሙ፣ ያነሰ ውጤትም አገኙ።

ግምታችንም ያሳስተናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ያህል አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ነው። «ሁሉም ነገር ቢበላሽ» ተብለው የገመቱት እንኳን 49 ቀን አካባቢ ነበር። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ላለን ሰዎች ግምታችን ላይ ግማሹን መጨመር ብዙ አይደለም።

ራስን መግረፍ

ብዙዎቻችን ራሳችንን በሰደብን ቁጥር የምንስተካከል ይመስለናል። አስተዳደጋችንም ይሆናል። ግን ሥራው ቀድሞውንም የሚያስፈራን ከሆነ፣ ስድብ ሲጨመርበት የባሰ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክል ዎል፣ ፒቺልና ሌላ ባልደረባቸው በካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ይህን ነው። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ነበር።

ይቅር ማለት «ምንም አላጠፋሁም» ማለት አይደለም። «አጥፍቻለሁ፣ ሁለት ወር ሄዷል፣ አሁን ከዚህ እቀጥላለሁ» ማለት ነው። እንዲህም ተብሎ ነገሩ ካልተሻሻለ፣ ሐዘኑና የእንቅልፍ እጦቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ ትኩረት መሰብሰብ አስቸጋሪ ከነበረ፣ ከጀርባው ድባቴ ወይም ሌላ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ሊኖር ይችላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አያሳፍርም።

ከሚጠብቀን ሰው መደበቅ

በጣም የጎዳኝ ስህተት ይሄ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ስሠራ አማካሪዬ ምዕራፍ ሦስትን በኅዳር ጠበቁኝ። አላደረስኩም። ሲደውሉ አላነሳሁም። አንድ ቀን አራዳ አካባቢ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ ተሻገርኩ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ባዶ እጄን ፊታቸው መቆም ከበደኝ።

ይሉኝታችን እዚህ ጋ ይጎዳናል። በዘገየን ቁጥር «አሁንማ የተሟላ ነገር ይዤ ካልሄድኩ» እንላለን። ጥሩ የነበረው ሥራ አሁን እንከን የለሽ መሆን አለበት። ስለዚህ የባሰ ይከብዳል፣ የባሰ ይዘገያል። እኔ አምስት ወር ተደበቅኩ። በመጨረሻ ሄጄ የነበረኝን አሥር ገጽ ስሰጣቸው «ይህን በኅዳር ብታመጣልኝ በቂ ነበር እኮ» አሉኝ። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ለልጅቷ ይህን ነገርኳት። የእሷም አማካሪ ሁለት ጊዜ ጽፈውላት አልመለሰችም። «ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ አያስፈልግም» አልኳት። ስልኳን አወጣች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ የቀረው ሦስት መስመር ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ስላዘገየሁ ይቅርታ ይደረግልኝ። ትንተናው ላይ ተቸግሬያለሁ፣ ያለኝን ይዤ ሐሙስ መምጣት እችላለሁ?»

ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር። ጣቷ መላኪያው ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተጫነችው።