የድመት ሽንት ለምርመራ እንዴት ይወሰዳል?

ዋናው እንቅፋት ድመቷ የምትጸዳዳበት አሸዋ ነው፤ ሽንቱን ይመጠዋል። አሸዋውን ድፉና የመጸዳጃ ሳህኑን በሳሙና እጠቡት፤ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ አድርቁት። የሳሙናም ሆነ የበረኪና ቅሪት ውጤቱን ያዛባል። ባዶ ሳህን ላይ አልሸናም የምትል ድመት አትጠፋም፤ ለእሷ የታጠቡ የፕላስቲክ ዶቃዎች በስሱ በትኑላት። ሌላ ድመት ካለ ለይታችሁ አስቀምጧት፤ ውሃ ግን አትከልክሏት።

እንደሸናች ሳህኑን ወደ አንድ ጥግ አዘንብሉና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳቡት። ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ክዳን ባለው ንጹሕ ብልቃጥ ጨምሩና የሸናችበትን ሰዓት ጻፉበት። ቶሎ የማይደርስ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ግን አይግባ። ሽንቱ ሲቆይ ሰውነቷ ውስጥ ያልነበረ ክሪስታል (ደቃቅ ጠጣር ቅንጣት) ሊፈጠር ይችላል።

ለባክቴሪያ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ፣ ይህ አይሆንም፤ ሐኪሙ ራሱ በመርፌ ከፊኛዋ ይቀዳል። በተለይ ወንዱ ድመት እያማጠ ጠብታ ካልወጣው፣ ናሙናውን ተዉትና ወዲያው ሐኪም ጋ አድርሱት።