አውሮፕላን ስቶል ሲያደርግ እጃችሁ ምን ይሥራ?

ስቶል ሲባል ብዙ ሰው ሞተር የጠፋ ይመስለዋል። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ጉዳዩ የክንፍ ነው። ክንፉ ከፊት ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ፣ በቀላል የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማለት ነው፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ይዞ መፍሰሱን ትቶ ይበታተናል፣ አውሮፕላኑን የተሸከመው ኃይልም ባንዴ ይቀንሳል።

ደግነቱ ሳይነግራችሁ አይመጣም። ሴስና 172 ላይ ግራ ክንፍ ፊት ላይ ያለችው ቀዳዳ ለስቶል ከ5 እስከ 10 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ሲቀር ማፏጨት ትጀምራለች። መሪው ይላላል። ከዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል።

መጀመሪያ መሪውን ወደፊት ግፉ። አፍንጫው ወደ መሬት ሲዞር ሰውነታችሁ "ሳብ! ሳብ!" ይላችኋል፤ እንዳትሰሙት፣ መሳብ ማዕዘኑን ያባብሰዋል። አንዱ ክንፍ ከወደቀ መሪ አጣማችሁ ላንሳው አትበሉ፣ ያው ክንፍ ይብስበታል። በተቃራኒው በኩል ያለውን የእግር ፔዳል ርገጡ። ሙሉ ጋዝ ስጡ። ክንፉ መሸከም ሲጀምር አውሮፕላኑን አስተካክሉና በቀስታ ሳቡ፤ ከቸኮላችሁ ሁለተኛ ስቶል ትገባላችሁ። ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደታች የሚወጣው ክፍል) ወጥቶ ከነበረ ደረጃ በደረጃ ሰብስቡ።

አውሮፕላኑ እየወደቀ ከተሽከረከረ ግን ነገሩ ይለያል፦ ጋዝ ቀንሱ፣ መሪውን መሃል አድርጉ፣ ከሚዞርበት ተቃራኒ ፔዳል ሙሉ በሙሉ ርገጡ፣ መሪውን ግፉ። መዞሩ ሲቆም እግራችሁን መልሱ።

የበረራ ሲሙሌተር ያላችሁ የጅማ ልጆች ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ ሞክሩት። ማረፊያው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 5500 ጫማ ገደማ ስለሆነ፣ ከፍታ መለኪያው 7000 ቢያሳይም ከሥራችሁ ያለው 1500 ብቻ ነው፤ የአሜሪካ የፈተና ደንብ ደግሞ በባለ አንድ ሞተር ልምምዱ ከመሬት በላይ ከ1500 ጫማ በታች እንዳይወርድ ይላል። ስለዚህ በደንብ ውጡ። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ይደክማል፣ የጠፋውን ከፍታ ቶሎ አይመልስላችሁም።

ሰው የሚጎዳበት አንዱ ጊዜ ደግሞ ለማረፍ ሲታጠፍ ነው፣ ዝቅ ብሎ። ቀጥ ብሎ ሲበር በ48 ኖት ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን 60 ዲግሪ ተጋድሞ ከፍታውን ጠብቆ ቢዞር በ68 ላይ ያደርጋል። መታጠፊያው ካለፋችሁ አታጥብቁት፣ ጋዝ ሰጥታችሁ ውጡና እንደገና ዞራችሁ ኑ።